ትራጅ-ዲስት ሲፈተሽ፦ ዘጠኝ መለኪያዎች በሳሱ ነጥቦች ላይ

ሁለት መኪኖች አንድን ቀጥ ያለ የ9 ኪሎ ሜትር መንገድ በሴኮንድ 10 ሜትር እየተጓዙ ጨረሱት እንበል። የመጀመሪያው መቅጃ በየ15 ሴኮንዱ ስለሚመዘግብ 61 ነጥቦች ትቷል፤ የሁለተኛው በየ3 ደቂቃው ስለሆነ 6 ብቻ። የመለኪያ ስህተት የለም፤ ሁሉም ነጥብ ልክ መንገዱ ላይ ነው ያረፈው። ሁለቱ ዱካዎች፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተመዘገቡት ነጥቦች፣ ምን ያህል እንደሚራራቁ ትራጅ-ዲስት የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ብንጠይቀው፣ ዲቲደብሊው የሚባለው መለኪያ 27,000 ሜትር ይላል። ኢዲአር፣ ሁለት ነጥቦች እንደ አቻ የሚቆጠሩበት ወሰን 100 ሜትር ሲሆን፣ 0.90 ይመልሳል፤ 1 ማለት ጨርሶ አይገናኙም ማለት ነውና ይህ «ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም» የሚያሰኝ አይደለም። በነጥብ የሚሰላው ፍሬሼ 900 ሜትር፣ ኤልሲኤስኤስ ዜሮ፣ ኤስኤስፒዲ ዜሮ።

አንድ መንገድ፣ አራት ዓይነት መልስ። ከመለኪያዎቹ አንዱም የሒሳብ ስህተት አልሠራም። ዲቲደብሊው 61ዱንም ነጥቦች ከ6ቱ ጋር አጋብቶ ርቀታቸውን ደመረ። የነጥብ ፍሬሼ ከተጋቡት ነጥቦች ትልቁን ርቀት ወሰደ። ኢዲአር አቻ ያላገኙትን 55 ነጥቦች እንደ ልዩነት ቆጠረ። ኤልሲኤስኤስ የአጭሩ ዱካ 6 ነጥቦች በሙሉ አቻ ስላገኙ «አንድ ናቸው» አለ። ኤስኤስፒዲ ግን ነጥብን ከነጥብ ጋር ሳይሆን ነጥብን ከመስመር ጋር ስላነጻጸረ መንገዱን ራሱን አየው። ይህን ላይብረሪ መውሰድ ያለበትና የሌለበት ማን እንደሆነ የሚለየውም ይኸው ነው፤ አብዛኞቹ መለኪያዎቹ ነጥቦቹ መንገዱ ናቸው ብለው ያምናሉ። ነጥቦቹ ሲሳሱ ወይም ሲዋዥቁ ይህ እምነት ይፈርሳል።

ምን ይዟል፣ እንዴትስ ይሠራል

ትራጅ-ዲስት ዘጠኝ የዱካ ርቀት መለኪያዎችን ያሰባሰበ ነጻ የፓይተን ላይብረሪ ነው፦ ኤስኤስፒዲ፣ ኦደብሊውዲ፣ ሃውስዶርፍ፣ ፍሬሼ፣ የነጥብ ፍሬሼ፣ ዲቲደብሊው፣ ኤልሲኤስኤስ፣ ኢአርፒ እና ኢዲአር። መለኪያዎቹ በሁለት መልክ ቀርበዋል፤ በንጹህ ፓይተን እና ወደ ሲ ቋንቋ በሚቀየረው ሳይተን። ለእውነተኛ ሥራ የሚሆነው የሳይተኑ ነው። የፓይተኑ ጥቅም ኮዱን ከፍቶ መለኪያው ምን እንደሚያደርግ መስመር በመስመር ለማንበብ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በጣም ይመቻል።

ሲጫን የሚያስቸግረው የሲ ማጠናቀሪያ (ኮምፓይለር) መፈለጉ ነው። ማጠናቀሪያው ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ተከላው መሃል ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማጠናቀሪያውን፣ ቀጥሎ የቁጥር ስሌት ላይብረሪውን ናምፓይንና ሳይተንን፣ በመጨረሻ ትራጅ-ዲስትን ይጫኑ። ለዚህ ብቻ የተለየ የፓይተን ምህዳር መክፈት ጊዜ ይቆጥባል፤ ናምፓይን በሌላ ሥራ ምክንያት ሲያሳድጉ የተጠናቀረው ክፍል አልናበብ ሊል ይችላልና።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዱካ ሁለት ዓምዶች ያሉት የናምፓይ ሰንጠረዥ ይሆናል፤ አንዱ ረድፍ አንድ ነጥብ ነው። ሁለት ዱካዎችን ለማነጻጸር የመለኪያውን ስም መጥራት በቂ ነው። የዱካዎች ዝርዝር ካለዎት ፒዲስት የሚባለው ተግባር ጥንዶቹን ሁሉ ያሰላል፤ ሲዲስት ደግሞ አንዱን ዝርዝር ከሌላው ጋር ያነጻጽራል። ከዚያ በኋላ የሚመረጠው ምድሩ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይታይ ወይስ ሉል የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው።

ሉል ሲመርጡ ዓምዶቹ ኬንትሮስ ቀድሞ፣ ኬክሮስ ተከትሎ መሆን አለባቸው፤ ውጤቱ በሜትር ይመጣል። ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ግን ኬክሮስን አስቀድመው ነው የሚያወጡት። ተገላብጦ ሲገባ ፕሮግራሙ አይጮህም፤ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩም ለዓይን ስህተት አይመስልም። ማረጋገጫው አጭር ነው፤ ርቀታቸውን አስቀድመው የሚያውቋቸውን ሁለት ነጥቦች አስገብተው ውጤቱን ያስተያዩ። ጠፍጣፋውን መርጠው ኬንትሮስና ኬክሮስን እንዳለ ካስገቡ ደግሞ ውጤቱ በዲግሪ ይሆናል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ይጠብባል፤ በ60ኛው ዲግሪ ላይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የተሠራ ስህተትና ወደ ሰሜን የተሠራ ስህተት እኩል አይመዘኑም። ፍሬሼና የነጥብ ፍሬሼ የሚሠሩት በጠፍጣፋው ብቻ ስለሆነ፣ እነሱን የፈለገ ሰው ነጥቦቹን አስቀድሞ ወደ ሜትር ትንበያ፣ ለምሳሌ ወደ ዩቲኤም፣ መቀየር አለበት። እንዲያውም በጠፍጣፋው ለሚሠሩት መለኪያዎች ሁሉ ይህን ማድረግ ይሻላል፤ ርቀት የሚመልሱት ሁሉ ውጤታቸው በአንድ አሃድ ይመጣልና።

የትኛው መለኪያ የቱ ላይ ይሰበራል

ወደ 9 ኪሎ ሜትሩ መንገድ እንመለስና ሁለቱም መቅጃዎች በየ3 ደቂቃው የሚመዘግቡ ይሁኑ፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው 90 ሴኮንድ ዘግይቶ ይጀምር። የመጀመሪያው ነጥቦች 0፣ 1800፣ 3600 እያሉ እስከ 9000 ሜትር ይሄዳሉ፤ የሁለተኛው 900፣ 2700፣ 4500 እያሉ 8100 ላይ ይቆማሉ። መንገዱ አሁንም አንድ ነው። ኤልሲኤስኤስ ግን በ100 ሜትር ወሰን ከዜሮ ተነሥቶ በቀጥታ 1 ይገባል፤ አንድም ነጥብ አቻ አላገኘምና። ኢዲአርም 1 ይሆናል። ዲቲደብሊው 5,400 ሜትር ይሰጣል፤ ይህ ከቀደመው 27,000 ያነሰ ነው፤ ማለትም መረጃው ሲሳሳ ዱካዎቹ የተቀራረቡ መስለው ታዩ። ምክንያቱ ዲቲደብሊው ድምር መሆኑ ነው፤ ነጥብ በበዛ ቁጥር ያድጋል። በነጥብ ብዛት ማካፈልም አይፈውሰውም፤ 27,000 ለ61 ሲካፈል 443 ሜትር፣ 5,400 ለ6 ሲካፈል 900 ሜትር ይሆናልና ደረጃው ይገለበጣል እንጂ እውነቱ አይገኝም።

ኤስኤስፒዲ በዚሁ ምሳሌ 150 ሜትር ይመጣለታል። ከየት እንደመጣ ማየት ጠቃሚ ነው። የመጀመሪያው ዱካ ሁለት ጫፎች ከሁለተኛው ዱካ ጫፎች 900 ሜትር ይርቃሉ፤ የቀሩት አራት ነጥቦች መስመሩ ላይ ናቸው፤ የስድስቱ አማካይ 300 ነው። ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ሲለካ ሁሉም ዜሮ ነው። የሁለቱ አማካይ 150። ስለዚህ ስህተቱ የመጣው ከመሃሉ አይደለም፤ መቅጃው ዘግይቶ በመነሣቱና ቀድሞ በመቆሙ ነው። ዱካዎቹ በረዘሙ ቁጥር ይህ የጫፍ ስህተት ይሟሟል፤ ዱካዎቹ አጭር ሲሆኑና ነጥቦቹ አራት አምስት ብቻ ሲሆኑ ግን ውጤቱን ሁሉ ይቆጣጠረዋል። ከ5 ነጥብ በታች ያለውን ዱካ ለብቻ አውጥቶ ማየት፣ ከሌሎቹ ጋር አለመቀላቀል ተገቢ ነው።

ኤስኤስፒዲ ከዘጠኙ ለሳሳ መረጃ ቀዳሚው ምርጫ መሆኑን በሙሉ ልብ እንናገራለን። እንከን ግን አለው፤ አቅጣጫ አያውቅም። አንዱ መኪና ሲሄድ ሌላው በዚያው መንገድ ሲመለስ ርቀታቸው ዜሮ ነው። ሃውስዶርፍም እንዲሁ። ፍሬሼ አቅጣጫን ይጠብቃል፤ ቅደም ተከተሉ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ያስገድዳልና። ግን ፍሬሼና ሃውስዶርፍ ሁለቱም የሚመልሱት ትልቁን ርቀት ነው። ከ61 ነጥቦች አንዷ በጂፒኤስ ስህተት 2 ኪሎ ሜትር ብትፈናጠር ሁለቱም 2 ኪሎ ሜትር ይላሉ። ያቺው ነጥብ ኤስኤስፒዲን የምታንቀሳቅሰው ወደ 16 ሜትር ብቻ ነው፤ 2000 ለ61 ተካፍሎ፣ እንደገና ለሁለት ተካፍሎ። አቅጣጫ ከፈለጉ በኤስኤስፒዲ ለክተው፣ ጎን ለጎን የመነሻ ነጥቦቹን ርቀትና የመድረሻ ነጥቦቹን ርቀት ለብቻ ማስላት ርካሽና አስተማማኝ መፍትሔ ነው። የአንዱ መነሻ ከሌላው መነሻ ይልቅ ለሌላው መድረሻ ከቀረበ ጉዞው የመልስ ነው።

ስለ ኤልሲኤስኤስ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የተመሳሰሉትን ነጥቦች ቁጥር የሚያካፍለው ለአጭሩ ዱካ ርዝመት ነው። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ብቻ ያለው ዱካ በሁለቱ ነጥቦች አጠገብ ካለፈ ማንኛውም ረጅም ጉዞ ጋር «አንድ» ይሆናል። በሳሳ መረጃ ላይ ይህ ውጤቱን በሐሰተኛ ዜሮዎች ያጥለቀልቀዋል። ኢዲአር ለረጅሙ ስለሚያካፍል ተቃራኒው ችግር አለበት፤ የመመዝገቢያ ልዩነትን እንደ መንገድ ልዩነት ይቀጣል። የሁለቱም ቦታ ነጥቦቹ እኩል በሆነ ርቀት ከተደለደሉ በኋላ ነው።

ኢአርፒ ማጣቀሻ ነጥብ ይፈልጋል፤ ካልሰጡት ዜሮ ዜሮን ይይዛል። በኬንትሮስና ኬክሮስ ዜሮ ዜሮ ከአፍሪካ ምዕራብ ባሕር ውስጥ ያለች ነጥብ ናት፤ አቻ ያጣ ነጥብ ሁሉ ቅጣቱ ከዚያች ባሕር እስከ ራሱ ያለው ርቀት ይሆናል፣ ይህም ብዙ ጊዜ በሺህ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። የሁሉም ነጥቦች አማካይ ቦታ ማጣቀሻ ሆኖ ሲሰጠው ውጤቱ ትርጉም ያገኛል። ኦደብሊውዲ በሉል ላይ የሚሠራው ምድሩን ጂኦሃሽ በሚባሉ፣ የፊደል ኮድ ባላቸው ሳጥኖች ከፋፍሎ ነው። ኮዱ 7 ፊደል ሲሆን ሳጥኑ ከምድር ወገብ አጠገብ 153 ሜትር በ153 ሜትር ነው፤ ከዚያ ያነሰ ልዩነት አይታየውም።

እርግጠኝነት የጎደለው ነጥብ

ትልቁ ጉድለት እዚህ ነው። ትራጅ-ዲስት ነጥቡ ምን ያህል እንደሚታመን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ሁለት ዓምድ ብቻ፤ ሦስተኛ የስህተት ዓምድ የለም። ክፍት ሰማይ ሥር ያለ ስልክ ብዙውን ጊዜ በ4.9 ሜትር ራዲየስ ውስጥ ትክክል ነው፤ ከሞባይል አንቴና የተገመተ ቦታ ደግሞ ከመቶዎች ሜትር እስከ ኪሎ ሜትሮች ሊስት ይችላል። ለላይብረሪው ሁለቱም እኩል ናቸው።

በእጅ ማስላት ግን ይቻላል፤ ሒሳቡም አይከብድም። አንድሮይድ ከእያንዳንዱ ቦታ ጋር የሚሰጠው የትክክለኛነት ቁጥር፣ እውነተኛው ቦታ በ68 በመቶ ዕድል የሚገኝበት ክብ ራዲየስ ነው። ስህተቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተበተነና የደወል ቅርጽ ያለው ነው ብለን ከወሰድን፣ ራዲየሱን ለ1.51 ስናካፍል የእያንዳንዱን አቅጣጫ መደበኛ ልይይት እናገኛለን። 20 ሜትር የተባለ ነጥብ መደበኛ ልይይቱ 13.2 ሜትር ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ነጥቦች ሲነጻጸሩ ስህተታቸው ይደራረባል፤ የሁለቱ ካሬዎች ድምር ስኩዌር ሩት 18.7 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሁለቱ ስልኮች በእውነት አንድ ቦታ ላይ ቢሆኑም በአማካይ 23.5 ሜትር የተራራቁ መስለው ይታያሉ። ሁለተኛ፣ ከ100 ጊዜ 95ቱ የሚታየው ርቀት ከ46 ሜትር አይበልጥም።

ይህ 46 ለኤልሲኤስኤስና ለኢዲአር የሚሰጠው ወሰን ወለል ነው። ብዙ ሰው «20 ሜትር ትክክለኛነት» ሲያይ ወሰኑንም 20 ሜትር ያደርጋል፤ ያን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከነበሩ ጥንዶች ከግማሽ በላዩ «አይመሳሰሉም» ተብለው ይወድቃሉ። አንደኛው ነጥብ 20 ሜትር፣ ሌላው ከአንቴና የመጣ 500 ሜትር ቢሆን ደግሞ የ95 በመቶው ርቀት 811 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በአንድ ፋይል ውስጥ 46ም 811ም ያስፈልጋል፤ ላይብረሪው የሚቀበለው ግን አንድ ወሰን ብቻ ነው። መውጫው ሁለት ነው። ወይ ከተወሰነ ስህተት በላይ ያላቸውን ነጥቦች፣ ለምሳሌ ከ100 ሜትር በላይ የሆኑትን፣ ማስወጣት፤ ወይ የፓይተኑን የኢዲአር ኮድ ቀድቶ ወሰኑን ለእያንዳንዱ የነጥብ ጥንድ እንዲያሰላ ማድረግ። ሁለተኛው ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚነካው፤ ግን የሳይተኑን ፍጥነት ያሳጣል።

ነጥቦቹ ራሳቸው ትክክል ቢሆኑም በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ የራሱ ጥርጣሬ አለው። ሁለት ነጥቦች በ180 ሴኮንድና በ1,800 ሜትር ይራራቁ። መኪናው በሴኮንድ 20 ሜትር መሄድ ከቻለ በዚያ ጊዜ ውስጥ እስከ 3,600 ሜትር ሊጓዝ ይችል ነበር። የነበረበት ቦታ ሁለቱን ነጥቦች የትኩረት ነጥቦቹ (ፎከስ) ባደረገ ሞላላ ክልል ውስጥ ነው፤ ሞላላው ከቀጥታው መስመር በግራና በቀኝ 1,559 ሜትር ይሰፋል። መንገዱ የሚፈቅደው ፍጥነት 12 ሜትር በሴኮንድ መሆኑን ካወቅን ስፋቱ ወደ 597 ሜትር ይወርዳል። በ30 ሴኮንድ ልዩነት ቢመዘገብ ደግሞ፣ በ20 ሜትር ጣሪያ እንኳ፣ 260 ሜትር ብቻ ነው። መለኪያውን ከመቀያየር ይልቅ የፍጥነት ጣሪያን ማወቅና የመመዝገቢያ ክፍተትን ማጥበብ የበለጠ እንደሚከፍል እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይናገራሉ።

በምርምር የሚዘወተሩት መረጃዎች በዚህ ረገድ እጅግ ይለያያሉ። የፖርቶ ታክሲዎች መረጃ 442 መኪኖችን ከ2013 አጋማሽ እስከ 2014 አጋማሽ በየ15 ሴኮንዱ የያዘ ነው፤ ኤስኤስፒዲም ዲቲደብሊውም በጥሩ ይሠሩበታል። ቲ-ድራይቭ የሚባለው የቤይጂንግ መረጃ ደግሞ የ10,357 ታክሲዎች የአንድ ሳምንት ጉዞ ሲሆን፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አማካይ ክፍተት 177 ሴኮንድና 623 ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ላይ የተፈተነ አሠራር በሁለተኛው ላይ ይሠራል ብሎ መውሰድ አይቻልም።

ነጥቦቹ ወደ ላይብረሪው ከመግባታቸው በፊት

ትራጅ-ዲስት ማጽጃ የለውም፤ የሚሰጡትን እንዳለ ይበላል። ስለዚህ ከፊቱ ሙቪንግፓንዳስን ማስቀደም እንመክራለን፤ ጊዜን የሚያውቅ፣ ዱካን የሚቆራርጥና የሚያጸዳ የፓይተን ላይብረሪ ነው።

ነጥቦቹን በሰዓት ይደርድሩ፤ አንድ ዓይነት የሰዓት ምልክት ይዘው የተደጋገሙትን ያስወግዱ። ቀጥሎ መቅጃው ለረጅም ጊዜ ዝም ባለበት ዱካውን ይክፈሉ። የሙቪንግፓንዳስ ክፍተት ከፋይ ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ የክፍተቱ መጠን ከተለመደው የመመዝገቢያ ልዩነት አራት አምስት እጥፍ ቢሆን መነሻ ይሆናል። ካልተከፈለ መቅጃው ጠፍቶ ሌላ ሰፈር ላይ ሲነሣ በመሃል የሌለ ቀጥታ መስመር ይሰመራል፤ ኤስኤስፒዲም ያን መስመር እንደ መንገድ ይቀበለዋል።

ከመጠን ያለፈ ፍጥነት የሚያሳዩ ነጥቦችን ማጣራት የተለመደ ነው፤ ወጥመድ ግን አለበት። ቆሞ ያለ ስልክ በየሴኮንዱ 20 ሜትር ትክክለኛነት ያለው ነጥብ ከመዘገበ፣ ስህተቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል በአማካይ 23.5 ሜትር ይታያል፤ ይህ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ነው። ቆሞ እየሮጠ ይመስላል። የፍጥነት ማጣሪያ መሥራት ያለበት ቢያንስ የ10 ወይም የ15 ሴኮንድ ልዩነት ባላቸው ነጥቦች ላይ ነው።

ማረፊያዎች ብዙ ሰው የሚረሳቸው ናቸው። መኪና 20 ደቂቃ ሲቆም በ15 ሴኮንድ መቅጃ 80 ነጥቦች ይከመራሉ። ዲቲደብሊው የ80ዎቹን ስህተት ይደምራል፤ የኤስኤስፒዲ አማካይ ደግሞ ወደዚያ ቦታ ይጎተታል፣ የ61 ነጥብ ጉዞ በ80 የማረፊያ ነጥቦች ተውጦ። ማረፊያን ለይቶ ወደ አንድ ነጥብ መሰብሰብ ግድ ነው። ማረፊያ ፈላጊው የክብ ስፋትና ዝቅተኛ ቆይታ ይጠይቃል፤ የ20 ሜትር ስህተት ባለበት መረጃ የክቡን ስፋት ከ60 ሜትር ማሳነስ ማረፊያውን ለሦስት ለአራት ይሰነጣጥቀዋል።

በመጨረሻ ነጥብ ማጠጋጋት። ሁለቱንም ዱካዎች በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየ50 ሜትሩ፣ ዳግም መደልደል ዲቲደብሊውን ወዲያው ያስተካክለዋል፤ በመነሻችን ምሳሌ 27,000 የነበረው ዜሮ ይሆናል። መንገዱ ጠማማ ሲሆን ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መኪናው 900 ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዶ 900 ሜትር ወደ ሰሜን ቢታጠፍና የተመዘገቡት መነሻውና መድረሻው ብቻ ቢሆኑ፣ ቀጥታ መስመሩ ከመታጠፊያው 636 ሜትር ይርቃል። በዚያ መስመር ላይ የሚደረደሩት አዳዲስ ነጥቦች የተሳሳተውን ቦታ በብዛት ያጸኑታል። እንዲህ ሲሆን ነጥቦቹን መጀመሪያ ከመንገድ ካርታ ጋር አጣጥሞ፣ ክፍተቱን በአጭሩ የመንገድ መስመር ሞልቶ፣ ከዚያ መደልደል ነው የሚያዋጣው። የመንገድ ካርታ ለሌለው ነገር፣ ለእግረኛ፣ ለእንስሳ፣ ለጀልባ፣ ክፍተቱ ከአንድ ገደብ ሲያልፍ አለመሙላት ይሻላል። የተሞሉትን ነጥቦች በምልክት መለየትም አይዘንጋ፤ ከውጤቱ ምን ያህሉ ከተመዘገበ ነጥብ፣ ምን ያህሉ ከግምት እንደመጣ በኋላ የሚታየው በዚያ ነው።

ብዛት ሲጨምር

100 ዱካዎች 4,950 ጥንዶች ናቸው፤ 1,000 ዱካዎች 499,500፤ 10,000 ዱካዎች 49,995,000። ፒዲስት ጥንዶቹን በዙር አንድ በአንድ ያሰላል፣ የመጨረሻው ዝርዝር ብቻ 400 ሜጋባይት ይሆናል። መፍትሔው እያንዳንዱን ዱካ የሚከብቡትን አራት ማዕዘኖች አስቀድሞ ማነጻጸር ነው፤ የማይነካኩትን ጥንዶች ሳያሰሉ መጣል ብዙውን ሥራ ያቀላል። ለዲቲደብሊው ነጥብ ከነጥብ የሚጋባበትን መስኮት ማጥበቢያ አለመኖሩም ያሳዝናል፤ በ1978 የታወቀው የሳኮዬና ቺባ ገደብ እንኳ የለም። እሱን የፈለገ ቲኤስለርን በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያገኘዋል።

ውጤቱን በቡድን ለመክፈል የሚያውል ሰው አንድ ነገር ይያዝ። በኤስኤስፒዲ፣ በዲቲደብሊው፣ በኤልሲኤስኤስና በኢዲአር ሦስት ዱካዎችን እንደ ሦስት ማዕዘን ብናይ፣ የሁለቱ አጭር ጎኖች ድምር ከሦስተኛው ጎን ሊያንስ ይችላል፤ ማለትም እውነተኛ የጂኦሜትሪ ርቀቶች አይደሉም። ሃውስዶርፍ፣ ፍሬሼና ኢአርፒ ግን ሕጉን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ኬ-ሚንስ የሚባለው የቡድን መክፈያና በዋርድ ዘዴ የሚሠራ የእርከን ክፍፍል ለኤስኤስፒዲ አይሆኑም፤ በአማካይ ትስስር የሚሠራ የእርከን ክፍፍል ወይም አስቀድሞ የተሰላ ማትሪክስ የሚቀበለው ሌላው የቡድን መክፈያ፣ ዲቢስካን፣ ይሆናሉ። የፒዲስት ውጤት የተጨመቀ ዝርዝር ነው፤ ለዲቢስካን ሲሰጥ ወደ ሙሉ ማትሪክስ መዘርጋት አለበት።

ሌላ ምን አለ

መረጃው ዳታቤዝ ውስጥ ላለ ሰው፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ የካርታ ቅጥያ የሆነው ፖስትጂአይኤስ ሃውስዶርፍንም ፍሬሼንም ይዟል፤ ሁለቱም የሚሰሉት በነጥቦች ነው። በምሳሌያችን ፍሬሼው 900 ሜትር ይላል፤ እያንዳንዱን መስመር የሚከፋፍለው የማጠጋጊያ ክፍልፋይ 0.1 ሲሰጠው ወደ 90 ሜትር ይወርዳል። ይህን ክፍልፋይ ሳይሰጡ በሳሳ ዱካ ላይ መጠቀም አይገባም።

ጥያቄው «በአንድ መንገድ አለፉ ወይ?» ሳይሆን «አብረው ነበሩ ወይ?» ከሆነ ትራጅ-ዲስት መሣሪያው አይደለም። ሰዓት አያይም፤ ጠዋት ያለፈውና ማታ ያለፈው ለእሱ አንድ ናቸው። ለዚህ በብራስልስ ነጻ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሞቢሊቲዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ ይመረጣል፤ ቦታንና ጊዜን በአንድ ዓይነት ውስጥ ይይዛል፣ ሃውስዶርፍን፣ ፍሬሼንና ዲቲደብሊውንም ያሰላል። በነጥቦች መካከል ቀጥታ መስመር ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውንም ለተጠቃሚው ይተዋል፤ ለሳሳ መረጃ ይህ ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ተጓዦች ይበልጥ የተቀራረቡበትን ቅጽበት የሚፈልጉት የፖስትጂአይኤስ ተግባራትም ሰዓቱ በነጥቡ አራተኛ መጠን ላይ ሲቀመጥ ይሠራሉ።

በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን፣ ለራስ መረጃ የሚስማማውን መለኪያ የሚለየው ፈተና ይህ ነው። ጥቅጥቅ ብለው የተመዘገቡ ጥቂት መቶ ዱካዎች ይውሰዱ፤ የእያንዳንዱን ጎዶሎ ቁጥር ነጥቦች (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ…) ለአንድ፣ ተጋማሽ ቁጥር ነጥቦች (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ…) ለሌላ ይክፈሉ። አሁን እያንዳንዱ ዱካ መንትያ አለው። አንዱን መንትያ ከሁሉም ጋር ለክተው ሌላው መንትያ በስንተኛ ደረጃ እንደወጣ ይመዝግቡ። ጥሩ መለኪያ አንደኛ ያደርገዋል። ከዚያ ከነጥቦቹ 20፣ 40፣ 60 በመቶውን በዘፈቀደ እየጣሉ ይድገሙት፤ ቀጥሎም የራስዎን መሣሪያ ስህተት የሚያህል መናወጥ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ይጨምሩ። የአንዱ መለኪያ ደረጃ ቀስ ብሎ ሲወርድ የሌላው በአንድ ጊዜ ይናዳል። ሁሉም በአንድነት የሚናዱበት የመሳሳት መጠን ላይ ሲደርሱ መለኪያ መቀያየሩን ይተውና መቅጃው በስንት ሴኮንድ እንዲመዘግብ እንደተዘጋጀ ይመልከቱ።